በአሮጌ ስልክ የወራት ታይምላፕስ፦ ከቱሉ ዲምቱ ዳር የተጻፈ መመሪያ

ታይምላፕስ ማለት በየተወሰነ ጊዜ የተነሱ ፎቶዎችን ገጣጥሞ ረጅሙን ጊዜ በአጭር ቪዲዮ ማሳየት ነው። የመጀመሪያው ረጅም ታይምላፕሴ አራት ወር ፈጀብኝ። በአዲስ አበባ ደቡብ ዳርቻ፣ ከቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም አለፍ ብሎ ካለ የጤፍ ማሳ ዳር የባህር ዛፍ አጣና ተከልኩና ጫፉ ላይ ስልክ አሰርኩ። ከሐምሌ እስከ ኅዳር። ጤፉ ብቅ ሲል፣ ሲዘናፈል፣ ቢጫ ሲሆን አስቤ ነበር። ቪዲዮውን ገጣጥሜ ሳየው ማሳው በሙሉ ቀስ እያለ ወደ ቀኝ ይዞራል። ለካ እርጥብ የባህር ዛፍ ሲደርቅ ይጠመዘዛል። የሰፈር አናጺ ብጠይቅ በአንድ ቃል ይነግረኝ ነበር። አልጠየቅኩም።

ስለዚህ ይህ መመሪያ ስለ ካሜራ ብዙ አያወራም። ርካሽ ካሜራ ሥራውን ይሠራል። ረጅም ታይምላፕስ የሚያበላሹት ምሰሶው፣ መብራቱና ሰው ናቸው።

ስልክ ይበቃል

መሳቢያ ውስጥ የተረሳ አንድሮይድ አለ አይደል? ስክሪኑ የተሰነጠቀ፣ ማይኩ የማይሠራ፣ ለመሸጥ ብታወጡት ማንም የማይገዛችሁ። እሱ ነው የሚፈለገው። የካሜራው መስታወት ይጥራ፣ ሚሞሪ ካርድ ይቀበል፣ የቻርጀር ቀዳዳው አይወላልቅ። ሦስተኛውን አትናቁት። ቀዳዳው የላላ ስልክ ነፋስ ገመዱን በነካ ቁጥር ቻርጅ ማድረግ ያቆማል፤ እናንተ የምታውቁት ከሳምንት በኋላ ነው።

ባትሪው ያበጠ ስልክ ግን በነጻ ቢሰጣችሁም አትጠቀሙ። የኋላ ክዳኑ ከፍ ከፍ ካለ አብጧል ማለት ነው። ሳጥን ውስጥ ተዘግቶ፣ ፀሐይ እየመታው፣ ለወራት ቻርጅ ላይ የሚቆይ ያበጠ ባትሪ እሳት ያስነሳል።

ዲኤስኤልአር (ሌንሱ የሚቀያየር ትልቅ ካሜራ) ያላችሁ ለአንድ ቀን ቀረጻ አውጡት፤ ውጤቱ ያምራል። ለወራት ግን አልመክርም። የነዚህ ካሜራዎች ሹተር፣ ፎቶ በተነሳ ቁጥር የሚከፈተውና የሚዘጋው ክፍል፣ የሚያልቅ ዕቃ ነው። ለጀማሪ የሚሆኑት ላይ ብዙ ጊዜ 100,000 ምስል ገደማ ይገመትለታል። አንድ የስድስት ወር ቀረጻ ከዚያ ላይ ሩቡን ሊበላ ይችላል። ሌንስ፣ ዝናብና ሌባ ሲጨመሩበት ደግሞ እንቅልፍ አይኖራችሁም።

አፕሊኬሽኑን በተመለከተ እኔ የምጠቀመው ኦፕን ካሜራ የሚባለውን ነው። ነጻ ነው፣ ማስታወቂያ የለውም፣ በየተወሰነ ደቂቃ ራሱ እየደጋገመ ያነሳል። ስልኩ ላይ አብሮ የሚመጣው «ታይምላፕስ» የሚለው አማራጭ ለረጅም ሥራ አይሆንም። እሱ በቀጥታ ቪዲዮ ነው የሚሠራው። መሃል ላይ ስልኩ ከጠፋ የተቀረጸው ሁሉ አብሮ ሊጠፋ ይችላል። ፎቶ በፎቶ ከተነሳ ግን የጠፋው ጠፍቶ የተነሳው ይቀራል።

ሂሳቡን ቤት ጨርሱ

ቪዲዮ በሰከንድ 25 ምስል ያሳያል እንበል። 10 ሰከንድ ቪዲዮ ከፈለጋችሁ 250 ፎቶ ያስፈልጋል። ደመና በየ5 ሰከንዱ ብታነሱ 250 ፎቶ 21 ደቂቃ ገደማ ይወስዳል። ሂሳቡ ይኸው ነው። ሌላው ሁሉ የዚህ ዝርያ ነው።

የሚሮጥ ደመና ከ2 እስከ 3 ሰከንድ ክፍተት ይፈልጋል። ቀስ የሚል ደመና ከ5 እስከ 10። ጥላ ማሳ ላይ ሲሄድ ማሳየት ከሆነ 30 ሰከንድ ይበቃል። ከጠዋት እስከ ማታ 12 ሰዓት ሙሉ በየ30 ሰከንዱ ካነሳችሁ 1,440 ፎቶ ይወጣል፤ ቪዲዮው 58 ሰከንድ ነው። ሰብልና ግንባታ ላይ እኔ 10 ደቂቃ እመርጣለሁ።

10 ደቂቃ ስል ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። አፕሊኬሽኑ ሌሊት መሆኑን አያውቅም። ጨለማውንም ያነሳዋል። በቀን 144 ፎቶ ይሆናል፤ ግማሹ ይጣላል። አንድ ፎቶ 4 ሜጋባይት ከሆነ በሳምንት 4 ጊጋ ገደማ፣ በስድስት ወር 104 ጊጋ ገደማ ነው። በየሳምንቱ እየገለበጣችሁ ካጠፋችሁ 32 ጊጋ ካርድ ይበቃል። እስከ መጨረሻው ሳልነካው ይቀመጥ ካላችሁ 128 ግዙ።

ስለ ካርድ ካነሳን አይቀር፦ ላዩ ላይ 64 ጊጋ ተጽፎበት ውስጡ 8 የሆነ ካርድ ገበያው ላይ ሞልቷል። ስልኩም 64 ብሎ ያሳያችኋል። 8 ሲሞላ ግን አዲሱ ፎቶ የድሮውን ያበላሻል ወይም ባዶ ፋይል ይሆናል። እኔ በዚህ ሦስት ሳምንት ሙሉ ከስሬያለሁ። ሻጩ ጋ ስመለስ «ስልክህ ነው» አለኝ። አሁን ካርድ ስገዛ ኮምፒውተር ላይ ሰክቼ እስኪሞላ ድረስ ትልልቅ ቪዲዮ እገለብጥበታለሁ። ከዚያ መጀመሪያና መጨረሻ የገቡትን እከፍታለሁ። ሁሉም ከተከፈቱ ካርዱ እውነተኛ ነው።

ግንባታ ለሚቀርጹ አንድ ተጨማሪ ምክር። የአንድ ቤት ግንባታ ለሳምንታት ምንም የማይታይበት፣ ከዚያ በአንድ ቀን ሁሉም ነገር የሚሆንበት ሥራ ነው። ሶሌታ (የኮንክሪት ወለሉ) የሚሞላበትን ቀን አስቡት። ሚክሰሩ፣ በባሬላ የሚሯሯጠው፣ አርማታው ወደ ላይ ሲወጣ። በየ10 ደቂቃው ብቻ ከተነሳ ያ ቀን 72 ፎቶ ነው፤ ቪዲዮው ላይ 3 ሰከንድ እንኳን አይሞላም። ስለዚህ ቀኑን ከፎርማኑ ቀድማችሁ ጠይቁ። የኪስ ስልካችሁን ይዛችሁ ሂዱና አጠገቡ በየ15 ሰከንዱ አንሱ። 2,880 ፎቶ፣ ሁለት ደቂቃ ሊሞላ ትንሽ የቀረው ቪዲዮ። ሰው የሚወደው ያንን ነው።

ፊቱ ወዴት ይዙር?

አዲስ አበባና ዙሪያዋ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ናቸው። ይህ ለኛ ሁለት ነገር ማለት ነው። አንደኛ፣ የቀኑ ርዝመት ዓመቱን ሙሉ ብዙም አይለዋወጥም፤ ሰኔም ታኅሣሥም 12 ሰዓት ገደማ ነው። ሁለተኛው ብዙ ሰው የማያስተውለው ነው። የእኩለ ቀን ፀሐይ ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ገደማ ከአናታችን ወደ ሰሜን ትላለች። የቀረውን ጊዜ ወደ ደቡብ ናት።

ካሜራ ወደ ምሥራቅ ካዞራችሁ ጠዋት ጠዋት ፀሐይ በቀጥታ መስታወቱን ትመታዋለች። ከቱሉ ዲምቱ የረር ተራራ በስተምሥራቅ ነው። በመስከረምና በመጋቢት ፀሐይ በዚያ በኩል ብቅ ስትል ለአንድ ጠዋት ቀረጻ ከዚህ የተሻለ ነገር የለም። ለስድስት ወር ግን አይሆንም፤ የጠዋቱ ፎቶ ሁሉ ነጭ ጭጋግ ይሆናል። ወደ ምዕራብ ከሆነ ያው ችግር ማታ ይመጣል።

ለረጅም ቀረጻ ወደ ሰሜን አዙሩት። ኮምፓስ ባይኖራችሁ እንጦጦን ፈልጉ። ከደቡቡ ዳርቻ ሆኖ ፊቱን ወደ እንጦጦ ያዞረ ስልክ፣ ምስሉ በጣም ሰፊ ካልሆነ በስተቀር፣ ፀሐይ ፍሬሙ ውስጥ፣ ማለትም ፎቶው በሚይዘው ቦታ፣ ገብታ አታስቸግረውም። በበጋ ደግሞ ብርሃኑ ከኋላችሁ ስለሚመጣ ከፊታችሁ ያለውን ነገር በደንብ ያሳየዋል። እናንተ በሱሉልታ ወይም በለገጣፎ በኩል ከሆናችሁም ደንቡ ያው ነው፤ አቅጣጫ ማወቂያችሁ ብቻ ይለወጣል።

ፍሬሙን ስትወስኑ ከላይና ከታች ትርፍ ቦታ ተዉ። የስልክ ፎቶ ከቪዲዮ ይልቅ ቁመቱ ይረዝማል፤ 4,000 በ3,000 የሆነ ፎቶ ወደ ቪዲዮ ቅርጽ ሲቆረጥ 750 ነጥብ (ፒክሰል) ከቁመቱ ይቀነሳል። ዳር ላይ ደግሞ የማይንቀሳቀስ ነገር አስገቡ። የሩቅ የመብራት ምሰሶ፣ የሕንጻ ጥግ፣ የተራራ ጫፍ። ካሜራው መንቀሳቀሱን የምታውቁት በሱ ነው።

ምሰሶው

አሁን ወደ ዋናው ነገር መጣን።

ምርጡ ምሰሶ ምሰሶ አለመትከል ነው። የቆመ የኮንክሪት ኮለን ወይም የብሎኬት ግድግዳ ካለ እሱ ላይ እሰሩ። እኔ የምሠራው እንዲህ ነው። በያጅ ጋ እሄድና 20 ሳንቲ ሜትር አንግል ብረት በኤል ቅርጽ አስበይዳለሁ። አንዱ ክንፍ ላይ ሁለት ቀዳዳ ይበሳል፤ ግድግዳው በትራፓኖ ተበስቶ ፊሸር (ቡሎኑን የሚይዘው ፕላስቲክ) ይገባና በቡሎን ይታሰራል። ሌላው ክንፍ ላይ ሳጥኑ ይቀመጣል። በብረቱና በሳጥኑ መሃል ከአሮጌ ካላማዳሪያ የተቆረጠ ቁራጭ አስገቡ። ከባድ መኪና ባለፈ ቁጥር የሚመጣውን መንቀጥቀጥ ይውጠዋል። ከማሰራችሁ በፊት ውሃ ልክ ላዩ ላይ አድርጉ። ትንሽ ያዘነበለ አድማስ በአንድ ፎቶ አይታወቅም፤ በአራት ደቂቃ ቪዲዮ ዓይን ይወጋል።

ግድግዳ ከሌለስ? እዚህ ጋ የአፈሩን ነገር ልንገራችሁ። ከአቃቂ ጀምሮ በቱሉ ዲምቱና በኮዬ ፈጬ በኩል ያለው ሜዳ በብዛት ጥቁር መረሬ ነው። ክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል። በጋ ደርቆ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል። እዚያ ላይ የተተከለ ነገር ሁሉ አብሮ ይተነፍሳል። የግቢ አጥር በየዓመቱ የሚዘመው ለዚህ ነው። ሐምሌ ላይ ቀጥ ብሎ የተተከለ ብረት ኅዳር ላይ የት እንደሚያይ እግዜር ነው የሚያውቀው።

እንግዲህ የግድ ከሆነ አጣና እርሱት፤ የብረት ቱቦ ያዙ። ጉድጓዱ ወደ አንድ ሜትር ይውረድ፤ አብዝቶ የሚንቀሳቀሰው የላይኛው አፈር ነው። ታችኛው ግማሽ ላይ አርማታ ሙሉ፣ ላዩን በጠጠር ሙሉት። ጠጠሩ ውሃውን ያሳልፋል፣ አፈሩ ሲያብጥም ቱቦውን በቀጥታ አይገፋውም። ቁመቱ በበዛ ቁጥር ንፋሱ ይጫወትበታል፤ ሁለት ሜትር ተኩል በቂ ነው። በየወሩ ውሃ ልኩን ይዛችሁ ሂዱ።

ምሰሶም ሳጥንም የማያስፈልግበት መንገድ አለ፤ እንዲያውም ለጀማሪ የምመክረው እሱን ነው። የኤል ብረቱን በረንዳችሁ ላይ እሰሩ። ስልኩ ሁልጊዜ በአንድ ቦታ እንዲቀመጥ ሁለት ጥግ ያለው ማቆሚያ ከእንጨት ሥሩለት። ከዚያ በየቀኑ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ በኪስ ስልካችሁ አንድ ፎቶ ብቻ አንስታችሁ ሂዱ። ኦፕን ካሜራ ያለፈውን ፎቶ እንደ ጥላ አዲሱ ላይ አደራርቦ የማሳየት ምርጫ አለው፤ ሁለቱ እስኪገጥሙ ታስተካክላላችሁ። በስድስት ወር 180 ፎቶ፣ 7 ሰከንድ ቪዲዮ። አጭር ነው። ግን አይሰረቅም፣ መብራትም አይፈልግም።

ሳጥኑ

ከኤሌክትሪክ ዕቃ መሸጫ ባለ ክዳን የፕላስቲክ ቦክስ ግዙ፤ ዳሩ ላይ ጎማ ያለውን። ለሌንሱ ቀዳዳ ብሱ። መስታወት ቆራጭ ጋ ሦስት ሚሊ ሜትር ተራ መስታወት አስቆርጡና ከውስጥ በሲሊኮን ለጥፉት። ስልኩ መስታወቱን ሊነካ ትንሽ ሲቀረው ይቁም። በመሃል የሚቀረውን ክፍተት በጥቁር ስፖንጅ ክበቡት፤ አለበለዚያ የራሱን የስልኩን ነጸብራቅ ታነሳላችሁ። ላዩ ላይ ከዘይት ጀሪካን የተቆረጠ ጥላ እንደ ቆብ አድርጉለት። ቦክሱን ነጭ ቀቡት፤ ጥቁር ወይም ግራጫ ቦክስ ቀትር ላይ ስልኩን ቀቅሎ ያጠፋዋል።

የገመድ ቀዳዳው ከታች ይሁን እንጂ ከጎን ወይም ከላይ አይሁን። ገመዱም ወደ ቀዳዳው ከመግባቱ በፊት ዝቅ ብሎ ይመለስ፤ የዝናቡ ውሃ ከዚያ ዝቅታ ላይ ይንጠባጠባል እንጂ ወደ ውስጥ አይሄድም። በጥቅምትና በኅዳር ውርጭ ደግሞ ጠዋት መስታወቱ ከውስጥ ላብ ይይዛል። ከአዲስ ጫማ ካርቶን የሚወጡትን ትናንሽ የእርጥበት መምጠጫ ከረጢቶች አትጣሉ። አምስት ስድስት አስገቡና በየወሩ ቀይሯቸው።

ሸረሪት የሚሉት ነገር ደግሞ አለ። ዝናብ የማይነካው፣ ነፋስ የማይገባበት ቆብ ለሷ ቪላ ነው። በየሳምንቱ ድሯን ጥረጉላት። ትመለሳለች።

መብራት

ስክሪኑ ደብዝዞ፣ ካሜራው ተከፍቶ የሚውል ስልክ እንደ ስልኩ ቢለያይም 2 ዋት ገደማ ይበላል። በቀን 48 ዋት-ሰዓት ማለት ነው። የራሱ ባትሪ ባለ 3,000 ሚሊአምፒር ከሆነ ከ5 እስከ 6 ሰዓት ያቆየዋል።

ሶኬት አጠገብ ካላችሁ ቻርጀሩን ዝም ብላችሁ አትሰኩት። ለወራት መቶ ፐርሰንት ላይ የቆመ ባትሪ ነው የሚያብጠው። ሶኬት ላይ የሚሰካ ባለ መዘውር ታይመር ግዙና 1 ሰዓት እንዲበራ፣ 2 ሰዓት እንዲጠፋ አድርጋችሁ ሙሉውን ቀን ሙሉት። ባለ 2 አምፒር ቻርጀር ከሆነ ይህ ይበቃል። መብራት ሲጠፋ መዘውሩም ይቆማል፣ ሰዓቱም ወደ ኋላ ይቀራል። ግድ የለም፤ አንድ ለሁለት መሆኑ አይለወጥም።

አስቸጋሪው መብራቱ ከ3 ሰዓት በላይ የጠፋ ዕለት ነው። አብዛኛው ስልክ ባትሪው አልቆ ከሞተ መብራት ቢመጣም ራሱ አይነሳም። ቻርጅ ያደርጋል፣ ግን ተኝቷል። እናንተ እስክትሄዱ ድረስ ይተኛል። የሰፈራችሁ መብራት ቀኑን ሙሉ የመጥፋት አመል ካለው 20,000 ሚሊአምፒር ፓወር ባንክ በመሃል አስገቡ፤ አንድ ቀን ይጨምርላችኋል። ግን እየተሞላ የሚሰጥ ዓይነት መሆኑን ቤት ሞክሩት፤ ሁሉም አይደለም። እንዲህ ካደረጋችሁ ስልኩ ሁልጊዜ ሙሉ ስለሚሆን ቻርጁን 80 ወይም 85 ላይ የሚያቆም ምርጫ ያለው ስልክ ይሻላል።

ሶላር ለሚያስቡ፦ ለዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተር ለሚያቆየው ዕቃ) የሚሸጠው ባለ 12 ቮልት 7 አምፒር-ሰዓት ባትሪ አይበቃም። 84 ዋት-ሰዓት ይይዛል፤ ዕድሜው እንዳያጥር ግማሹን ብቻ ነው የምትጠቀሙት። አንድ ቀን እንኳን አይሞላም። 18 አምፒር-ሰዓት የሆነው ሁለት ቀን ያህል ያቆያል። ለበጋ 20 ዋት ፓነል ይበቃል። ክረምትን መሻገር ከፈለጋችሁ 50 ዋት ውሰዱ። ፓነሉን ወደ ደቡብ ትንሽ ብቻ አዘንብሉት፤ አቧራና ውሃ እንዲወርድ ያህል።

ስልኩን ማዘጋጀት

ሲም ካርዱን አውጡ። አንድ ቀን ቁጥር የተሳሳተ ሰው ደውሎ የሁለት ቀን ቀረጻ አቁሞብኛል። ኤርፕሌን ሞድ፣ ጂፒኤስ መዝጋት፣ የራስ ሰር ማሻሻያዎችን ማጥፋት፣ ስክሪኑን እስከ መጨረሻ ማደብዘዝ። ስልኩ ባትሪ ለመቆጠብ ብሎ አፕሊኬሽኑን እንዳይዘጋው ከባትሪ ቁጠባ ዝርዝር ውስጥ አስወጡት። ይህን የረሳ ሰው የመጀመሪያውን ሌሊት አያልፍም።

ኦፕን ካሜራ ውስጥ ድግግሞሹን ገደብ የለሽ አድርጉ፣ ክፍተቱን ምረጡ፣ ፎከሱን የመጨረሻ ርቀት ላይ ቆልፉ። ዋይት ባላንስ (የቀለም ማስተካከያው) አውቶ ላይ አትተዉት፤ የፀሐይ ብርሃን ላይ አድርጉት። አውቶ ከሆነ ደመና ባለፈ ቁጥር ማሳው ሰማያዊ ቢጫ፣ ሰማያዊ ቢጫ ይላል።

የብርሃን መጠን ላይ ነገሩ ይለያያል። ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ 8 ሰዓት ያለ የደመና ቀረጻ ከሆነ ቁልፉን ነክታችሁ ቆልፉት። ቪዲዮው እንዳይብለጨለጭ፣ ማለትም ብርሃኑ በየፎቶው እንዳይለዋወጥ፣ ትልቁ መድኃኒት ይኸው ነው። የወራት ቀረጻ ከሆነ ግን መቆለፍ አይቻልም፤ የሐምሌ ጉምና የጥር ፀሐይ በአንድ ልክ አይነሱም። አውቶ ይሁን፤ መብለጭለጩን በኋላ እንቀንሰዋለን።

የስልኩ ሰዓት በፈረንጅ ከሆነ የፋይሉ ስም ላይ 0630 የሚለው ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ነው። ፎቶ ስትመርጡ ትደናገራላችሁ፤ እኔ ስንቴ ቀኑን ጥዬ ሌሊቱን አስቀርቻለሁ።

ሰው

ከሁሉ በፊት የቦታውን ባለቤት አስፈቅዱ። ባዶ የሚመስል ሜዳ ሁሉ ባለቤት አለው። በከተማው ዳርቻ ምሰሶ ተክሎ የሚለካ ሰው ሲያዩ «መሬት ሊወሰድ ነው» የሚል ወሬ ቶሎ ይነሳል፤ ቢነሳም አይፈረድም። የማሳው ባለቤት ገበሬ ናቸው፤ የኔ ኦሮምኛ «አካም ጅርቱ» ላይ ያበቃል። ልጃቸው አስተረጎመልኝ፣ ስልኬ ላይ የሌላ ቦታ ቪዲዮ አሳየኋቸው፣ ገባቸው። ወረዳም ሄዳችሁ ምን እንደምትሠሩ አሳውቁ። ካሜራው ወደ ካምፕ፣ ወደ ኬላ፣ ወደ ሰው መኝታ ቤት መስኮት አይዙር። ቦክሱ ላይ ምን እንደሆነና የናንተን ስልክ ጻፉ። ምንነቱ ያልታወቀ ሳጥን ሽቦ ተንጠልጥሎበት ሲታይ ሰው ይደነግጣል።

ጥበቃውን ደግሞ ወዳጅ አድርጉ፤ ግን በደንብ አስረዱት። ኮዬ ፈጬ አጠገብ ያለ ጅምር ቤት ላይ ስቀርጽ ጥበቃው ደግ ሽማግሌ ነበሩ። በየሳምንቱ የሻይ እሰጣቸዋለሁ፣ ቦክሱን ይጠብቁልኛል። አንድ ጊዜ ዘጠኝ ቀን ቆይቼ ስሄድ ቦክሱ በቢጫ ፌስታል ተጠቅልሎ፣ በገመድ ግጥም ተደርጎ ታስሯል። «ጋሼ፣ ይሄ ምንድነው?» አልኳቸው። «ዝናቡ እንዳያበሰብስብህ ብዬ እኮ ነው ልጄ።» 1,296 ፎቶ ቢጫ ፌስታል አለኝ። ምን ይባላል? አመሰገንኳቸው። ከዚያ ስልኩን አውጥቼ በዚች ቀዳዳ እንደሚያይ አሳየኋቸው። ከዚያ በኋላ ሸረሪቷንም የሚጠርጉልኝ እሳቸው ሆኑ።

መገጣጠም

በየሳምንቱ ፎቶውን ስትገለብጡ ካርዱን አታውጡ፤ ስልኩን መነካካት ማለት ፍሬሙን ማንቀሳቀስ ነው። በዋይፋይ ፋይል የሚልኩ አፕሊኬሽኖች ሞልተዋል። በእጅ ስልካችሁ ሆትስፖት ከፍታችሁ ሥሩት። የግድ ስልኩን ካወጣችሁ ስትመልሱት በጥላው ምስል አስተካክሉት።

ኮምፒውተር ላይ መጀመሪያ ሌሊቱን አጥፉ። የወራት ቀረጻ ከሆነ ደግሞ ከየቀኑ ተመሳሳይ ሰዓት ብቻ ምረጡ። እኔ ከ3 ሰዓት እስከ 5 ሰዓት ጠዋት ያለውን ነው የማስቀረው። በየ10 ደቂቃው 12 ፎቶ፣ በ180 ቀን 2,160፣ ቪዲዮው 86 ሰከንድ። ከሰዓት በኋላ ያለውን የክረምት ጥቁር ደመና ስለሚያስወጣ ግማሹ መብለጭለጭ በዚህ ብቻ ይጠፋል።

ከዚያ ኢርፋንቪው በሚባለው ነጻ ፕሮግራም ፋይሎቹን በጅምላ ከ00001 ጀምሮ በተከታታይ ቁጥር ሰይሙ። ሾትከት የሚባለውን ነጻ ማቀናበሪያ ክፈቱና የመጀመሪያውን ፎቶ ብቻ አስገቡ። ፕሮፐርቲስ ውስጥ «ኢሜጅ ሲኩዌንስ» የሚለውን ምልክት ስታደርጉ ቀሪውን ራሱ ያመጣዋል፤ አንድ ፎቶ ለ1 ፍሬም መሆኑን አረጋግጡ። አሁንም የሚብለጨለጭ ከሆነ ኤፍኤፍኤምፔግ በሚባለው ነጻ የቪዲዮ ፕሮግራም ውስጥ ዲፍሊከር የሚባል ማጣሪያ አለ። በጽሑፍ ትእዛዝ ነው የሚሠራው፤ ትንሽ ያስፈራል፣ ግን ይሠራል።

ምሰሶው ትንሽ ከተንቀሳቀሰ ያንን ዳር ላይ ያስገባችሁትን የማይንቀሳቀስ ነገር ይዛችሁ ከዘመመበት ፎቶ ጀምሮ አሽከርክሩና መልሱት። ትርፍ ቦታ ያስቀረነው ለዚህ ነበር።

የጎደለ ቀን ካለ የዋዜማውን ፎቶ ደጋግማችሁ አትሙሉት። ቪዲዮው ቆም ያለ ይመስላል፤ ከመዝለሉ ይልቅ ያ ነው የሚያስጠላው። ዝም ብላችሁ ቀጥሉት። ማንም አያውቅም ብዬ ነበር የማስበው።

በሁለተኛው ዓመት ያንኑ ማሳ በቅርብ ካለ ቤት ግድግዳ ላይ፣ ፊቱን ወደ እንጦጦ አዙሬ ቀረጽኩት። አልዞረም፣ አልዘመመም። ጤፉ ከታጨደ በኋላ ለባለ ማሳው ወሰድኩላቸው። ስልኩን ሁለት እጃቸው ላይ ይዘው እስከ መጨረሻ ዝም ብለው አዩት። ከዚያ ለልጃቸው የሆነ ነገር ነገሩት። ልጁ ሳቀ።

«መስከረም ላይ በረዶ የጣለ ዕለት የታለ? ነው የሚሉህ።»

ያን ዕለት መብራት ከንጋት ጀምሮ ጠፍቶ ነበር የዋለው።